ሃርድ ዲስኩ ሲሰካ ቻርጀሩ ይነቀል

እሑድ

የሃርድ ዲስኩ መብራት ትበራለች፣ ሁለቴ ቲክ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። መብራት፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ጸጥ። ላፕቶፑ አንድ ነገር እንደተሰካበት እንኳ አላወቀም።

ባለፈው ዓርብ ለዘይነባ «አለ፣ ሁሉም ተቀምጧል፣ በሚቀጥለው ዓርብ ነይና ውሰጂ» ብያታለሁ። ሳላረጋግጥ ነው የተናገርኩት። ዕድሜ ልኬን ተማሪዎችን «መልሳችሁን ሳትፈትሹ እጅ አታውጡ» ስል የኖርኩ ሰውዬ!

ስናደድ ቅደም ተከተል ይጠፋብኛልና ነገሩን በተራ ላስቀምጠው። ዘይነባና ታናሽ እህቷ ረሂማ ካርቱም ውስጥ ዐማራት በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ስለሆነ እዚህ ዴም፣ እኛ ግቢ እየመጡ ከሌሎች የወሎ ልጆች ጋር ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው። እያንዳንዷ ስትጀምርና ስትጨርስ እያስነበብኩ ድምፅዋን እቀዳለሁ፤ ለውጧን በገዛ ጆሮዋ እንድትሰማ። ረሂማ አምና በክረምት ታመመችና ሞተች፤ እዚሁ ተቀበረች። ስልኳም በዚያ ግርግር ጠፋ። አገር ቤት፣ አያቷ ዘንድ፣ ሐያት የምትባል ልጅ አለቻት። እናቷ ስትለያት ገና አፏን ያልፈታች ነበረች፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ዘይነባ ቅዳሜ ጠዋት ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። የእህቷን ድምፅ ይዛ ለልጅቷ ልታሰማ ነው።

ያ ድምፅ የትም የለም፤ እዚህ ዲስክ ውስጥ ነው። ዲስኩ ደግሞ ቲክ ቲክ ይላል።

ባለቤቴ ሙሉነሽ ከጓዳ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ተወው ይረፍ! እሱም እንዳንተ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል» አለችኝ። አልሳቅኩም።

ሰኞ

ዛሬ በሥርዓት ጀመርኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፤ ውጤቱን መጻፍ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ነቀልኩ። ይህ የቤቱ ሕግ ነው፤ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ በራሴ እጅ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ከህረባ፣ የኤሌክትሪኩ መብራት ማለቴ ነው፣ ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ እንደ እብድ ነው የሚመለሰው። የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲመለስ ፍሪጁንና የድሮ ላፕቶፔን ባንድ ጊዜ አቃጠለብኝ። ቅጂዎቹ የተረፉት ሃርድ ዲስኩ ያን ሰዓት ከምንም ጋር ስላልተሰካ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃርድ ዲስኩ በሚሰካበት ጊዜ ላፕቶፑ በባትሪ ብቻ ይሠራል። ሙሉነሽም ብትሆን ስልኳን ልትሰካ ስትመጣ ወረቀቱን ቀና ብላ ታየዋለች።

አንደኛ ሙከራ፦ መሰኪያው። ላፕቶፑ በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ አለው። የግራዎቹ ሁለቱም ያው ናቸው፣ ሁለት ቲክና ጸጥታ። የቀኙ፣ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው፣ ግን ተለየ። ዲስኩ መሽከርከር ጀመረ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፤ እንደ ወፍጮ ተነሥቶ ትንሽ ሮጠና ደከመው።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ገመዱ። ዲስኩ የሚኖረው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የካርቱም አቧራ በተዘጋ መስኮት ይገባል፤ ሀቡብ፣ የአሸዋ ማዕበሉ፣ ሲነሣማ በተጨፈነ ዓይንም ይገባል። ስለዚህ ቆርቆሮውን በጎኑ በስቼ ረጅም ማራዘሚያ ገመድ አሳልፌበታለሁ። ዲስኩ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ይሠራል። ሙሉነሽ «የጫጩት ቤት» ትለዋለች። ዛሬ ማራዘሚያውን አውጥቼ ዲስኩን በራሱ አጭር ገመድ ሰካሁት። ተሻለው! ከበፊቱ ረዘም አድርጎ ሮጠ፤ ላፕቶፑም «አዲስ ነገር ተሰክቷል» የሚል ድምፅ አሰማ። ከዚያ ጠፋ።

ሙሉነሽን ጠርቼ አሳየኋት። «ጠፋ እኮ» አለች። ከመጥፋቱ በፊት የሆነውን እንድታይ ፈልጌ ነበር፤ ግን እውነቷን ነው፣ ጠፍቷል።

አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። የተሰበረ ነገር ቦታና ገመድ ሲቀየርለት አይሻለውም። ይኼ እየተሻለው ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?

ማክሰኞ

ትዕግሥቴ አለቀና ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም።

ሐፍላው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ ይዤ ነው የሄድኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ብስኩት መስሏቸው ለልጅ ልጃቸው እንድቆነጥርላቸው ጠየቁኝ። ከፍቼ አሳየኋቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ ልጁ ሱቅ ዐረቢ እስክንደርስ አለቀሰ።

ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ሱዳናዊ ዘንድ ገባሁ። ሥራው ብዙ ነው፤ እያወራኝ ከሌላ ሁለት ሰው ጋር ይጨቃጨቃል። አንዲት ትንሽ ማከፋፈያ አለችው፤ በአንድ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዛ ብዙ ቀዳዳ ያላት። ሦስት ስልክና አንዲት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ማራገቢያ ተሰክተውባታል። የኔንም እዚያው ላይ ሰካው። ቲክ፣ ቲክ።

«ያ ኡስታዝ፣ ኻላስ፣ ማት» አለኝ። አለቀለት፣ ሞቷል ማለቱ ነው። መሞቱን ለማወቅ የወሰደበት ጊዜ እኔ መነጽሬን ከኪሴ እስካወጣ ድረስ ብቻ ነበር።

ቦታና ገመድ ስቀይርለት እንደተሻለው በዐረብኛ ላስረዳው ሞከርኩ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ እንጂ አልሰማኝም። መፍትሔው ዲስኩን መክፈት ነው አለኝ፤ «ተወውና ሐሙስ ና»።

«በዚህ አቧራ ውስጥ ልትከፍተው?»

«ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም አለና ጠረጴዛውን እፍ አለበት። አቧራው ተነሥቶ ተመልሶ እዚያው ላይ አረፈ።

መፍቻውን አንሥቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ብሎን ላይ አሳርፎታል። እጁን ያዝኩት። ሰው እጅ ይዤ አላውቅም። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ዲስኬን ቆርቆሮው ውስጥ መልሼ ወጣሁ።

ሪክሻ ውስጥ ተቀምጬ የወንበዴ ያህል ልቤ ይመታል።  ምናልባት እሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ሞቶም ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ

ጠዋት ከህረባ ነበር፤ የላፕቶፑ ባትሪ ጢም ብሎ ሞላ። ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ በሰማያዊው መሰኪያ፣ በአጭሩ ገመድ ሰካሁ። ዲስኩ ተነሣ። ሮጠ። አልደከመውም! መስኮት ተከፈተ፤ የዓርብ ተማሪዎቼ ስም በፊደል ተራ ተደረደረ። ወደ ታች ወረድኩ። ረ። ረሂማ። ስሟ ላይ ሁለቴ ተጫንኩ።

ቲክ። መስኮቱ ተዘጋ።

ሁለት እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። ስሟን አይቻለሁ፤ እዚያ አለች። የሞተ ዲስክ ስም አያሳይም። ያን ሰውዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ ይህን ብቻ ነግሬው ብመለስ ደስ ባለኝ።

እንደገና ሞከርኩ፤ በሞከርኩ ቁጥር ዕድሜው አጠረ። ከሰዓት በኋላ ባትሪው ሲጋመስ ቲክ ማለቱንም ተወ። መብራቷ ብቻ ፈዝዛ በራች።

ዘይነባ የደወለችው ያኔ ነው። ማዳሟ ቀን ላይ ስትተኛ ነው የምትደውለው፤ በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ አገኙት እንዴ?»

«ስሟን አይቻለሁ» አልኳት። ደግ ነገር የነገርኳት መስሎኝ ነው። 

«ድምፅዋስ?»

«እየሠራሁበት ነው፣ ልጄ።»

«አይጨነቁ ጋሼ። ካልሆነም አላህ ያለው ነው፤ ይቅር።»

ይቅር! ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለሐያት ግን ነግራታለች። ይህን ያወቅኩት ከዚህ በፊት ስለነገረችኝ ነው፤ ልጅቷ በየቀኑ «እማዬ በስልክ መጣች?» እያለች አያቷን ትጠይቃለች።

ማታ ራት ላይ ከህረባ ሄደ፤ ወዲያው ተመለሰ። ሲመለስ የጓዳው አምፑል ጧ ብሎ ፈነዳ። ሙሉነሽ «ሕግህ ይኑር፣ አምላኬን!» አለች፤ መስታወቱን እየጠረገች። እኔም ሕጌን አይቼ ኮራሁ።

ሐሙስ

የትናንቱን ኩራቴን መልሼ ልውጠው።

ጠዋት ቁጭ ብዬ ከሰኞ ጀምሮ የቀየርኩትን አሰብኩ። መሰኪያ ቀየርኩ፣ ተሻለው። ገመድ አሳጠርኩ፣ ተሻለው። ባትሪ ሞላሁ፣ ይበልጥ ተሻለው። ባትሪው ሲጎድል ባሰበት። ይህን ያህል ነግሮኝ አልሰማሁትም። ዲስኩ በራሱ ኃይል የለውም፤ የሚሽከረከረው ላፕቶፑ በመሰኪያው በኩል በሚሰጠው ነው፤ ሰማያዊው መሰኪያ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሰጣል፣ ረጅም ገመድ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀንስበታል። ለመነሣት ደግሞ ከመሮጥ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። የላፕቶፔ ባትሪ ሲገዛም ያገለገለ ነበር፣ አሁን አርጅቷል፤ ለራሱ ሳይበቃው ለሌላ ሊያካፍል አልቻለም። አምና በዚሁ ሕግ ይሠራ ስለነበር ሕጉን አልጠረጠርኩትም። ሕጉ አልተለወጠም፤ ባትሪው ነው የተለወጠው።

ጠጋኙም ያው ነው። አንዲት ማከፋፈያ ላይ ሦስት ስልክ፣ ማራገቢያና የኔ ዲስክ። ማራገቢያዋ እሱን ታቀዘቅዛለች፤ የኔ ዲስክ ደግሞ በረሃብ ይሞታል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ነገር ስቀያይር ያልነካሁት አንድ ነገር ብቻ አለ። እሱም በራሴ ጽሕፈት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ቻርጀሩን ይዤ ግድግዳው አጠገብ ቆምኩ። ከህረባ አለ። መሰካት ብቻ ነው። ግን የጓዳው አምፑል ስብርባሪ ገና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነው። ብሰካውና ያ ዓይነቱ ቢመጣ ላፕቶፑ ይቃጠላል፤ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘው ዲስክም አብሮ ይሄዳል። ያኔ ረሂማ በእኔ እጅ ሁለተኛ ትሞታለች።

ሙሉነሽ ሲያቅተኝ አየችኝ።

«ስካዋ!»

«ቢፈነዳስ?»

«ባይፈነዳስ? ትናንት ፈነዳ ብለህ ዛሬም ይፈነዳል?»

«ፍሪጁን ረሳሽው?»

«ፍሪጁን እኔ ነኝ የምረሳው? በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዝኩ ወተት ያጠጣሁህ!»

ተጨቃጨቅን። በጭቅጭቃችን መሀል ከህረባ ሄደ፤ እስከምተኛ አልተመለሰም። የተሸነፍነው ሁለታችንም ነን። ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ

ጠዋትም ከህረባ የለም። ዘይነባ ገና በማለዳ ደረሰች፤ አዲስ ሻርፕ፣ እጇ ላይ ሂና። ሻንጣዋን እንኳ ይዛ ነው የመጣችው፤ ሌሊቱን ዴም ካለች የአገሯ ልጅ ዘንድ አድራ ነው የምትነሣው። ፊቴን አይታ «ይቅር ብዬዎታለሁ እኮ ጋሼ» አለች።

«ይቅር የሚባል ነገር የለም» አልኳት። ጠጣር ድምፅ ወጣኝ፤ እንደ ክፍል ውስጥ።

ሌሊቱን ሳሰላስል አንድ ነገር መጥቶልኝ ነበር። እጅጉን ቀላል ስለሆነ ሊቆጨኝ ይገባል። ከህረባ የሚያቃጥለው ሄዶ ሲመለስ ነው። እዚህ ጥግ ላይ ያለው የሐበሻ ሻይ ቤት ግን ኢንቨርተር አለው፤ በትልልቅ ባትሪ የሚሠራ። ከህረባ ሲሄድ ከባትሪው ነው የሚወጣው፤ ከባትሪ ደግሞ እብድ አይመጣም። ሻይ ቤቱ የምንደርሰው ከህረባው እንደጠፋ ሳለ መሆን አለበት ብቻ። ዛሬ መጥፋቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ከዘይነባና ከሙሉነሽ ጋር እየሄድን ሳለ እንዳይመለስ ጸለይኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

ሻይ ቤቱ ሞልቷል። ዓርብ ነው፤ ሥራ የሌላቸው የኛ ልጆች በሙሉ ኳስ ያያሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ማከፋፈያ በስልክ ገመድ ተጨናንቋል። የሻይ ቤቱን ባለቤት ሰላምን አውቃታለሁ። ነገሩን ነገርኳት። ላፕቶፑን ሰካች፣ ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ።

«በዝቶበታል» አለች። ፍሪጁን ነቀለች። ጢጥታው አልቆመም። ዞራ ወደ ልጆቹ ጮኸች፤ «ስልካችሁን ንቀሉ! ያላ!»

«ኧረ ሰላምዬ፣ አሁን እኮ ነው የሰካሁት!»

«ጋሼ፣ ፈተና ነው እንዴ? ስልክ አስረክቡ የሚባለው?»

«አዎ ፈተና ነው» አልኩ። «የወደቀ ይደግማል።» ሳቁና አንድ በአንድ ነቀሉ። አንዱ ግን አፈገፈገ፤ «ቴሌቪዥኑንማ አትነኩም፣ ጎል ቢገባ በማን ነው?» ዘይነባ ዞር ብላ አየችው። «በኔ» አለችው። «የእህቴን ድምፅ ልሰማ ነው።»  ልጁ ራሱ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ጢጥታው ቆመ።

ቻርጀሩ እንደተሰካ ነው። ዲስኩን በሰማያዊው መሰኪያ ሰካሁ። መብራት። ቲክ ጠበቅኩ። አልመጣም። ዲስኩ ተነሣ፣ ሮጠ፣ መሮጡን ቀጠለ። እጄን ላዩ ላይ አደረግኩ፤ በመዳፌ ሥር እኩል፣ ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ስሞቹ መጡ። ረሂማን ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩ፣ ከዚያ ወደ ዘይነባ ስልክ፣ ከዚያ ወደ እኔ ስልክ፣ ከዚያ ወደ ሙሉነሽ ስልክ። ሙሉነሽ «የሰላምም ስልክ አለ» ስትል የምትቀልድ መስሏት ነው። ሰላምም ላይ ገለበጥኩ።

ሳላረጋግጥ ግን አልሰጥም። «ትንሽ ላሰማሽ፤ ልክ መሆኑን እንይ» አልኳት።

ከዴም ወደ ሱቅ ዐረቢ በሐፍላ ስለ መሄድ እኔው የጻፍኩላቸው ምንባብ ነው። ረሂማ ፈጠን ብላ ታነባለች፤ የረዳቱን ጩኸት የምታነብበት ቦታ ላይ ድምፅዋን ታጎለምሳለች። ከዚያ የኔ ድምፅ ይገባል። «እንደገና። አራት ነጥቡ ላይ አላረፍሽም።» እሷ፤ «አረፍኩ እኮ ጋሼ! ያላረፉት እርስዎ ነዎት።» ከዚያ ሳቋ። ከኋላ የዘይነባ ሳቅም አለ፤ የዚያን ጊዜዋ ዘይነባ።

የአሁኗ ዘይነባ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ልጆቹ ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛቸውን ያያሉ።

ቅጂው አጭር ነው፤ እኔም ያለሁበት ጊዜ ቀላል አይደለም። ዐፈርኩ። «የኔን ጩኸት ቆርጬ ላውጣው፤ ብዙ አይፈጅም፤ ልጅቷ እናቷን ብቻ ትስማ» አልኳት።

«አይቆረጥም!» አለች። ያን ያህል ስትጮህብኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፤ «ሰው ሲያርማት የምትስቅ እናት እንደነበረቻት ሐያት በምን ትወቀው? እንዳለ ይሁን ጋሼ።» ቀጥሎ ደግሞ ዓይኗን በሻርፗ ጠርጋ፤ «ግን ‹እማዬን የሚያቋርጣት ይኼ ሽማግሌ ማነው?› ማለቷ አይቀርም።»

«ምን ትያታለሽ?»

«‹አራት ነጥብ ላይ የማያርፍ ሰውዬ ነው› እላታለሁ።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ጎል አልገባም ነበር፤ ባዶ ለባዶ ናቸው።

ቅዳሜ

ዘይነባ ሄደች። አልሸኘኋትም፤ ትናንት ስንሰነባበት «ሽኝት አልወድም» አለችኝ፤ እኔም አልወድም።

ቀኑን በሙሉ የሌሎቹን ተማሪዎች ድምፅ ስገለብጥ ዋልኩ። ከህረባ ሲጠፋ ሰላም ዘንድ እሄዳለሁ፤ ሲመለስ ነቅዬ እመጣለሁ። ሰላም «ጋሼ፣ ኪራይ ልጠይቅዎት ነው» ትላለች። ሻይ ሦስት ጊዜ አጠጣችኝ። ቆርቆሮው ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ማራዘሚያ ገመዱን ሙሉነሽ ለልብስ ማስጫ ወስዳዋለች።

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ልቀደው ተነሥቼ ነበር። ሙሉነሽ ከለከለችኝ። «ፍሪጁን ረሳኸው?» አለችኝ፤ ዓይኗ እየሳቀ። ስለዚህ አልቀደድኩትም። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ባትሪው ወጣት ሲሆን ብቻ።»

ዘይነባ ስትደርስ እንደምትደውል ቃል ገብታለች፤ ግን መንገዱን ማን ያውቀዋል። አሁን የት እንደደረሰች አላውቅም። ስልኳ ቢጠፋስ፣ ቢሰበርስ፣ ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ ድምፁ አራት ሰው ስልክ ላይ እንዳለ ትዝ ይለኛል፤ ትንሽ እረጋለሁ። ሐያት ስትሰማው ግን እዚያ የለሁም። እኔ እዚያ ያለሁት በቅጂው ውስጥ ሆኜ እናቷን ሳቋርጥ ብቻ ነው።

ከህረባ የለም። ስልኬ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ላፕቶፑ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ በሰማያዊው መሰኪያ፣ በአጭር ገመድ። ስልክ ትንሽ ነው የሚበላው፤ ይህን ያህሉን ባትሪው ይችላል። እስክትደውል ድረስ ሌላ ነገር አልሰካበትም።